ጋሽ ሙዘይን እና የአባቴ ካርድ

ጋሽ ሙዘይን መሞታቸውን የሰማሁት የሚቀጥለውን ሳምንት የሥራ ሰሌዳ ስሞላ ነው። የምንሠራው አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው፤ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር እንገፋለን። እኔ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ማን በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። የእሳቸውን ስም ሐሙስ ላይ አስፍሬ ወደ ዓርብ ስሻገር በላይነሽ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ከእኛው ጋር የምትሠራ ልጅ ናት።

«ጋሽ ተፈራ፣ እሳቸውን አይጻፏቸው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ጋሽ ሙዘይንን። ዛሬ ጠዋት አረፉ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ከዚያው እየመጣሁ ነው። ከቀትር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ስንት ጊዜ ደወልንልዎ፤ ስልክዎ ዝግ ነው።»

ሥራ ላይ ስልኬን የምዘጋ ሰው ነኝ። ሠራተኞቹንም እንዲዘጉ አስገድዳለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። እነሆ፣ አፈር ሳላለብሳቸው ቀረሁ፤ ሳልሰናበታቸው የቀረሁት ግን ከዚያ በፊት ነው። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ላሞግስ ብቻ አይደለም። በድያቸዋለሁ፤ በደሉን ከነምክንያቱ የምናውቀው ደግሞ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። እሳቸው ሲሞቱ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ጋሽ ሙዘይን አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አገር ቤት ሳሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ለብዙ ዓመታት ቲኬት ሲቆርጡ ኖረዋል። ያ ሥራ ከሰውነታቸው አልወጣም። የማይንቀሳቀስ መሬት ላይ እንኳ ሲቆሙ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ አሁን ፍሬን ይያዛል ብለው የሚጠባበቁ ይመስላሉ። ሲያወሩ የቀኝ አውራ ጣታቸው አመልካች ጣታቸውን ያሻሻል፤ ቲኬት ከጥራዙ ሲለዩ እንደኖሩት። መኪና አልነበራቸውም። ኮሌጅ ፓርክ ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቅ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ሥራ የሚመጡትም በባቡር ነው።

ሥራቸውን ሲጨርሱ ወደ ቤት አይሄዱም። ተርሚናሉ ጫፍ ወዳለው የባቡር ጣቢያ ይወርዱና የቲኬት ማሽኖቹ አጠገብ ይቆማሉ። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ሻንጣውን አቁሞ፣ የማሽኑን ስክሪን እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት ፈርቶ የሚያይ እንግዳ አይጠፋም። ሐበሻ ይሁን፣ ሶማሌ ይሁን፣ ፈረንጅ ይሁን ግድ የላቸውም። ይጠጉና እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። ይህ ሕጋቸው ነበር። አንድም ቀን የሰው ማሽን ሲነኩ አላየሁም።

«እርስዎ ይንኩት» ይላሉ። «እኔ ከነካሁት እኔ ነኝ የምማረው። እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ።»

ማሽኑ የተጨማደደ ብር መልሶ ሲተፋ እንግዳው ይደነግጣል። እሳቸው ግን አይቸኩሉም። «አልጠላዎትም። ፊቱን አዙረው ያስተካክሉትና ይስጡት።» ካርዱ ሲወጣ ገና አላለቀም፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። «ከዚህ ሲነሱ አይሳሳቱም፤ እዚህ መጨረሻው ነው፤ ባቡሩ ሁሉ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ስሕተቱ ያለው ሲመለሱ ነው። ግንባሩ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ከሌለ አይሳፈሩ። ደግሞ ሰው ‹ፒችትሪ ላይ ነኝ› ካለዎት አይመኑት። እዚህ አገር መንገዱ ሁሉ ፒችትሪ ነው፤ የት እንዳለ አልነገረዎትም ማለት ነው።»

ከሁሉም በላይ የሚጣሉት ግን ካርድ ከሚይዙልን ጋር ነበር።

ይህ የእኛ ሰዎች ጠባይ ነው። እንግዳ ሲመጣብን ማስከፈል ነውር ነው፤ ካርዱን መግዛት ብቻ ሳይሆን ኪሳችን ውስጥ መያዝም ክብር ይመስለናል። መግቢያው በር ላይ እኛው ካርዱን አስነክተን እንግዳውን እናሳልፋለን፤ ከዚያ መልሰን ኪሳችን። በዚህ ከተማ ባቡር ግን ስትገባም ስትወጣም ካርድ ታስነካለህ። ካርድ የሌለው ሰው አይወጣም።

አንድ ቀን ከሎረንስቪል አክስቱን ሊቀበል የመጣ ጎልማሳ ነበር። መኪናው ተበላሽቶበት በባቡር ሊወስዳቸው ነው።

«ኖ፣ ኖ፣ እኔ ነኝ ታፕ የማደርግላት። ካርዱን እኔ ልያዘው፤ ትጥለዋለች» አለ።

ጋሽ ሙዘይን ሴትየዋን አዩ። «ፓስፖርታቸውስ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«ስልካቸውስ?»

«እሱም እኔ ጋ ነው፣ ምነው?»

«ጥርሳቸውንስ?»

አክስትየው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ጎልማሳው ተናደደ፤ ካርዱን ግን ሰጣቸው። ጋሽ ሙዘይን አውራ ጣታቸውን እያሻሹ፣ «መግባት ማንም ያስገባዎታል፣ እትዬ። መውጫዎን ግን እርስዎው ይያዙ» አሏቸው።

እኔ ያኔ ቆሜ አይ ነበር። ሽማግሌው ሥራ ያጣ ነገረኛ ነው ብዬ አለፍኩ። ሰው ሲያስተምር አልወድም ነበር። የእኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ቀሪውን ከመዝገበ ቃላትና ከወዳደቀ ጋዜጣ ራሴን አስተማርኩ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ክፉ በሽታ ይይዘዋል፤ ማንም ስላላስተማረው ማንም አያስተምረኝም ይላል።

በዚያው ዓመት አባቴ ለስድስት ወር ሊጠይቁኝ ከኮምቦልቻ መጡ። የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበሩ። ከወሎ ተራሮች ስንቱን አስቆፍረው መንገድ ያወጡ ሰው ናቸው። እዚህ ግን ቤት ተቀምጠው መስኮት ሲያዩ ይውላሉ። እኛ ሁላችን ሥራ ነን። ወላጅ ያስመጣችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ አውቃችሁም ዝም ትላላችሁ፤ እኔም ዝም እንዳልኩት።

አንድ እሁድ ከተማውን ላሳያቸው ብዬ በባቡር ይዣቸው ወጣሁ። መሀል ከተማ ወርደን ትራም ልናይ ነው። ካርዳቸውን ገዛሁ፤ በሩ ላይ አስነካሁላቸውና ከራሴ ካርድ ጋር ደረት ኪሴ ከተትኩት። ያን ቀን ትልቅ ጨዋታ ስለነበረ ባቡሩ ቀይ ማሊያ በለበሰ ሰው ጢም ብሏል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ጣቢያ ስንደርስ ሕዝቡ ለመውረድ ገፋ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። መንገድ ልልቀቅ ብዬ ወረድኩ። ሰዉ አልቆ ልመለስ ስል በሩ ተዘጋ። አባቴን በመስተዋቱ ውስጥ አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አነሱልኝ፤ የምሸኛቸው መስሏቸው ይሆን፣ አላውቅም። ባቡሩ ሄደ።

ስልክ የላቸውም። እንግሊዝኛ የላቸውም። በቀጣዩ ባቡር ተከትዬ የሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ፤ የሉም። ከዚያ በሚቀጥለውም ወረድኩ፤ የሉም። ጋሽ ሙዘይን ጋ ደወልኩ። ሌላ ማንን እንደምጠራ አላወቅኩም።

አልጮሁም። ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ካርዳቸው ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲያው አልወጡም። ከተማው ውስጥ አይደሉም፤ ከበሩ ውስጥ ናቸው። ባቡሩስ ቀዩ ነበር ወይስ ወርቃማው?»

«አላየሁም።»

«ሰሜን ላይ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። አንተ የቀዩን ጫፍ ያዝ። እኔ የወርቃማውን ይዤ እመጣለሁ። ሽማግሌ ሰው ውረድ እስኪሉት ድረስ አይወርድም፤ ከሁለቱ አንዱ ጫፍ ላይ ናቸው።»

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ የያዝኩት ጫፍ ላይ አልነበሩም። ጋሽ ሙዘይን ደወሉ፤ «እዚህ ናቸው» ብለው ዘጉ። ስደርስ አባቴ ከመውጫው በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ካርዱን እያስነካ ሲወጣ ሲያዩ ነው የዋሉት። ማንንም አልጠየቁም። የጋሽ ሙዘይን ጃኬት ወገባቸው ላይ በእጅጌው ታስሯል፤ ጋሽ ሙዘይን በብርዱ በሸሚዝ ቆመዋል።

«ይበርዳቸዋል ብዬ ነው» አሉኝ።

ወገብ እንደማይበርድ የገባኝ ቤት ስንደርስ ነው፤ ጃኬቱን ስፈታላቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ መጸዳጃ የት ነው ብለው የሚጠይቁበት አፍ አልነበራቸውም። ጋሽ ሙዘይን ግን ይህን ለእኔም፣ ለሌላም ሰው አንድም ቀን አልተናገሩም።

በመመለሻው ባቡር ላይ የተናገሩኝ ሌላ ነው። አባቴ እየሰሙ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተፈራ፣ የአባትህ ካርድ አንተ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ካርዱን አውጥቼ ለአባቴ ሰጠሁ። በልቤ ግን ቂም ያዝኩ። አባቴን ያገኙልኝን ሰው፣ በአባቴ ፊት ገሠጹኝ ብዬ ተቀየምኳቸው። እንዲህ ነው የክፉ ሰው ልብ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ያህል እንዳለፈ፣ እራት ላይ አባቴ ፊታቸው በርቶ፣ «ዛሬ ትራም ተሳፍሬ ዋልኩ» አሉ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ነገሩ ወጣ። ጋሽ ሙዘይን የሚገቡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ጠዋት ሥራ ስገባ እሳቸው ቤቴ እየመጡ አባቴን ይዘው ይወጡ ነበር። መጀመሪያ ማሽኑ፣ ቀጥሎ ባቡሩ፣ በመጨረሻ ትራሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። አባቴ ሹካቸውን አስቀምጠው እንደ ተማሪ ነገሩኝ። «ባቡር ጫፍ አለው፤ ትራሙ ግን ክብ ነው። ሙዘይን እንዳለኝ፣ ከተሳሳትኩ አልወርድም። እቀመጣለሁ። ዞሮ ይመልሰኛል። ደግሞ ለትራሙ የምወርድበት ጣቢያ ደረጃ! አንተ ቆመህ እሱ ራሱ ወደ ላይ ያወጣሃል፤ ረጅም፣ እንደ ጦሳ ተራራ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት አጠገቤ ተቀምጣ አወራችኝ፤ አንድም አልገባኝም፤ ሳቅን።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማየው ያንን አግዳሚ ወንበር ነበር።

«ካርዱን ይስጡኝ፣ አባባ።»

«ለምን?»

«ዳግመኛ እንዲጠፉብኝ አልፈልግም።»

«እኔ መንገድ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ተፈራ። ያኔ የጠፋሁት መንገዱ ጠፍቶኝ ነው?»

«ይስጡኝ አልኩ።»

ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ገበታው ላይ አኖሩት። ዳግመኛም አልጠየቁኝም። የቀረውን ሁለት ወር መስኮቱ አጠገብ ጨረሱት። ፈርቼላቸው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት ይህ አይደለም። ልጃቸው ያላስተማራቸውን ሌላ ሰው ስላስተማራቸው አፈርኩ፤ ዕፍረቴን ጥንቃቄ ብዬ ጠራሁት።

በማግሥቱ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ በላይነሽና ሌሎቹ እያሉ፣ ጋሽ ሙዘይንን «ሰው ቤት ገብተው አያዝዙ። እርስዎ እዚህ ዊልቸር ይግፉ፤ የእኔን አባት እኔ አውቃለሁ» አልኳቸው። እኔም ራሴ ለዓመታት ዊልቸር ስገፋ የኖርኩ ነኝ። እሳቸው ጠዋት ቤቴ ደርሰው ከአባቴ ሰምተው ኖሯል፤ ምሳቸውን ከደኑና፣ «ካርዷን መልስላቸው እንጂ ሌላው ግድ የለም» አሉ።

ያኔ ነው የማይረሳኝን ጥፋት የሠራሁት። ሰሌዳው በእጄ ነው። ከሰዓት በኋላ ከነበረው ሺፍት አንሥቼ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወደሚጀምረው ወሰድኳቸው፤ ሥራውን ሲጨርሱ አባቴን ይዘው የሚወጡበት ጉልበት እንዳይኖራቸው። በዚያ ሰዓት ባቡር የለም። እንደ እኔ ባቡር የሌለበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም ነበር። መኪና የሌላቸው ሰው ናቸው። ከኮሌጅ ፓርክ በእግራቸው፣ በመኪናው መንገድ ዳር፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ይመጡ ጀመር። አንድም ቀን አላረፈዱም። አንድም ቀን ለምን አላሉኝም። ባልደረቦቹ በመኪና እናምጣዎት ሲሏቸው አንዳንዴ እሺ ይሉ ነበር አሉ፤ እኔን ግን አልጠየቁም።

አባቴ ከሄዱ በኋላ ልመልሳቸው እችል ነበር። አልመለስኳቸውም። ብመልሳቸው ጥፋቴን ማመን ሆነብኝ። ለሞታቸው ምክንያቱ ይህ ነው አልልም። ልባቸው ደካማ ነበር ይላሉ። አይደለም ለማለትም ግን አፍ የለኝም።

ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታቸው አንድ ነበር። ዊልቸር እየገፉ ሲያልፉኝ፣ ሳይቆሙ፣ «መለስክላቸው?» ይላሉ። ቁጣ የለበትም። ቲኬት የያዘና ያልያዘ እንደሚጠይቁበት ድምፅ ነው። እኔ እንዳልሰማ አልፋለሁ። የመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው ከመሞታቸው ሳምንት በፊት ነው፤ ሮዝዌል የሚኖሩ አንዲት እናት እየገፉ ነበር።

«መለስክላቸው?»

«ጋሽ ሙዘይን፣ አባቴ እኮ አገር ቤት ከገቡ ቆዩ!» አልኳቸው፤ ሰለቸኝ።

«ላክላቸዋ።»

«የአትላንታ ባቡር ካርድ ኮምቦልቻ ምን ይሠራላቸዋል?»

«ለመሳፈሪያ ነው አልኩህ እንዴ?» አሉና ገፍተው ሄዱ።

ከለቅሶው ቤት ተመልሼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ካርዱ አለ። ጠርዙ ላይ አባቴ በእስክሪብቶ ስማቸውን በአማርኛ ጽፈውበታል፤ ከዚያ በፊት አላየሁትም ነበር። በዚያው ሳምንት በላይነሽ አገር ቤት ልትሄድ ነበርና በፖስታ አሽጌ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የገባት ይመስለኛል።

አባቴ አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ከሄዱ በኋላ ዓይናቸውም አእምሯቸውም ደክሟል፤ በስልክ እኔን አንዳንዴ በሟቹ ወንድማቸው ስም ይጠሩኛል። የምታስታምማቸው እህቴ አስካለ ናት። ፖስታው በደረሰ ማግሥት ደወለችልኝ።

«ምንድን ነው የላክህላቸው?» አለች። «በእጃቸው ዳሰሱት፣ ዳሰሱት፣ ከዚያ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ልብስ ልቀይርላቸው ስል እንኳ አያስነኩኝም። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ‹መውጫዬ አለች፤ ራሴ ነኝ የያዝኳት› ይሉታል። ቄሱንም እንዲሁ አሏቸው። የምን መውጫ ነው?»

ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለእሷ ነገርኳት። እሁዱን፣ አግዳሚውን ወንበር፣ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ጃኬት፣ ከገበታው ላይ ያነሣሁትን ካርድ፣ ሰሌዳውን፣ በመንገድ ዳር የሚመጣውን አንጸባራቂ ሰደርያ ሁሉ ነገርኳት። «መለስክላቸው?» እያሉ ሲጠይቁኝ እንደነበረም ነገርኳት።

«ታዲያ አሁን ነገርከው?» አለችኝ ስጨርስ።

«ምኑን?»

«መመለስህን ነዋ። ለሰውየው።»

ጋሽ ሙዘይን ከተቀበሩ ሃያ ቀናቸው ነበር።